ለቡላ የተደወለው ስልክ

ጋሼ ታምራት ውሻቸውን ለመሰናበት አንድ ቀን ያህል ጊዜ ነበራቸው። ያንን ቀን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ተንኮል አስቤ አይደለም፤ እንዲያውም ማንንም ላለማስከፋት ስጠነቀቅ ነው። ግን ለእሳቸው ልዩነት የለውም። ስለዚህ ራሴን ለመከላከል ሳይሆን የሆነውን እንደሆነው ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

መክሊት እባላለሁ። ከእናቴ ጋር በዲቪ ኮሎምበስ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ነገሩ በሆነበት ጊዜ ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ለማጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኝ ነበር። የምንኖረው ሊንደን የሚባል ሰፈር ነው። እናቴ ሪከንባከር ካሉት ዌርሀውሶች፣ ማለትም የዕቃ መጋዘኖች፣ በአንዱ ዕቃ ታሽጋለች፤ ጋሼ ታምራት እዚያው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ቤታቸው ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ፣ እኛም መኪና ስላልነበረን፣ ጠዋት ጠዋት እናቴን በመኪናቸው ይዘዋት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት እናቴ ውለታ ይከብዳት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ እኔን ሳትጠይቀኝ፣ "ጋሼ ታምራት፣ ውሻዎን መክሊት ታናፍስልዎታለች" ብላቸው መጣች።

እኔ ውሻ እፈራ ነበር። ባደግኩበት ሰፈር ውሻ ማለት በቆርቆሮ አጥር ማዶ የሚጮህ ድምፅ ነው። ቀን ይታሰራል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ ስሙን የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ገብቶ ምንጣፍ ላይ የሚተኛ ውሻ ያየሁት እዚህ ነው። እምቢ ለማለት ግን አልደፈርኩም። እኔ እምቢ ማለት የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ አስተማሪም፣ ጎረቤትም፣ የእናቴ ጓደኞችም የሚወዱኝ ለዚህ ነው።

ውሻው ቡላ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፀጉር ነበረው። አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ነው፤ አንደኛው ጆሮው አይቆምም። የመጀመሪያ ቀን በረንዳው ላይ ስደርስ መጥቶ አሸተተኝ፤ ከዚያ ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝና እግሬ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። እኔ ደረቅ አልኩ። ጋሼ ታምራት ሳቁብኝና ውሻ ጀርባውን የሚሰጠው ያመነውን ሰው ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። በምን እንዳመነኝ አላውቅም።

እየቆየሁ ከሁለቱም ጋር ተላመድኩ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክሊንተንቪል የሚባለው ሰፈር እትዬ ንግሥት ቤት አብሬያቸው መሄድ ጀመርኩ። እትዬ ንግሥት የጋሼ ታምራት የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ሚሚ የምትባል በእጅ የምትታቀፍ ውሻ አላቸው። ልጃቸው ናኦሚ እዚሁ የተወለደች ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ነች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አራታችን ውሾቹን ይዘን ምድር ቤቱ እንወርድና ስለ ታማኝ ውሾች የተሠራ ፊልም እናያለን። ባለቤቱን ፍለጋ አገር የሚያቋርጥ ውሻ፣ ከእሳት ሕፃን የሚያወጣ ውሻ፣ መቃብር ላይ የሚተኛ ውሻ። ሐበሻው ሁሉ ወሬውን ሰምቶ "የውሻ ማኅበር" ብሎናል። አንድ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሼ ታምራትን ጠርቶ "በዚህ ወር ድግሱ በማን ተራ ነው፣ በሚሚ ነው በቡላ?" ብሎ ጠይቋቸዋል።

ናኦሚ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ውሻው መጨረሻ ላይ ይሞት እንደሆነ ስልኳ ላይ ታያለች። የሚሞት ከሆነ ሶፍት ታመጣለች። ጋሼ ታምራት ሶፍት አይነኩም። መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ "አለርጂ ነው" ይላሉ።

"ይኼ አለርጂ ውሻው ሲሞት ብቻ ነው የሚነሣብህ?" ይሏቸዋል እትዬ ንግሥት።

ቡላ ስለ እሱ እንደሚወራ ሁሉ ቀና ብሎ ያየንና ተመልሶ ጫማቸው ላይ ይተኛል።

ሚያዝያ ላይ የጋሼ ታምራት ልጅ ሔለን ደወለችላቸው። ሔለን አንዲት ልጃቸው ናት። ከእናቷ ጋር ሲፋቱ አስራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እናትየው ይዛት ዴንቨር ሄደች። ለዓመታት በበዓል ካልሆነ አትደውልም ነበር። አሁን ልታገባ ነው፤ ይዘውኝ የሚገቡት አባቴ ናቸው አለች። ጋሼ ታምራት ይህን ለእናቴ የነገሯት ሪከንባከር መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሞተሩን አጥፍተው እንደሆነ፣ ነግረዋት ሲጨርሱም ለሥራ አስር ደቂቃ እንደዘገዩ ነግራኛለች። እኚህ ሰው ዘግይተው አያውቁም።

ለሠርጉ ሐሙስ ሄደው እሁድ ይመለሳሉ። ቡላን ወደ እኛ ቤት መውሰድ አይሆንም፤ እናቴ ጠበል ያለበት ቤት ውሻ አታስገባም። ስለዚህ እኔ እሳቸው ቤት ገባሁ። የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚወጣበትን ሰዓት ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጥፈዋል። አንድ ወረቀት ደግሞ ፈርመው ሰጡኝ፤ ቢታመም እኔ ልወስንለት እንደምችል የሚል፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል ብለው ነው። ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው የሆነ ነገር አሉት። ጆሮ ጠቢነት እንዳይመስልብኝ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

አርብ ጠዋት ቡላ አልተነሣም።

መጀመሪያ ደክሞት መሰለኝ። ማሰሪያውን አሳየሁት፤ ጭራውን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ መታ፤ አልተነሣም። ድዱን ሳየው ነጭ ሆኗል። ናኦሚ ጋ ደወልኩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች። በብርድ ልብስ ተሸክመን መኪናዋ ውስጥ አስገባነው፤ መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ምርመራውን ጨርሳ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። መቀመጧን ሳይ ገባኝ። ጣፊያው ላይ ዕጢ አለ፤ ፈንድቷል፤ ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። በዚህ ዕድሜው ቀዶ ጥገና አይጠቅመውም። ደም ሰጥተን፣ ሕመሙን አስታግሰን እስከ ነገ ልናቆየው እንችል ይሆናል አለችኝ፤ ከነገ ያለፈ ግን ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም። ከዚያ ስለ ባለቤቱ ጠየቀችኝ። አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ መምጣት ከቻሉ ይምጡ፣ ካልቻሉም በስልክ ያናግሩት፣ ድምፅ ያውቃል አለችኝ።

እሺ አልኳት። ውጪ ወጥቼ ስልኬን አወጣሁ። የጋሼ ታምራትን ስም ከፈትኩ። ከመደወሌ በፊት ግን ትልቅ ሰው ላማክር ብዬ እትዬ ንግሥት ጋ ደወልኩ። ያደግኩት እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ ከመነገሩ በፊት ትልቅ ሰው ይጠየቃል።

እትዬ ንግሥት መጀመሪያ አለቀሱ። ጋሼ ታምራት ቡላን ምን ያህል እንደሚወዱት ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉና ድምፃቸው ተለወጠ።

"ነገርሽው እንዴ?"

"ገና ነኝ እትዬ።"

"እንዳትነግሪው። ስሚኝ የኔ ልጅ። ሰውየው ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው። ሠርግ ላይ ላለ ሰው መርዶ ይነገራል? እሁድ ይምጣ፤ እህል ይቅመስ፤ ሁላችንም ባለንበት በወጉ እንነግረዋለን።"

እናቴ ጋ ደወልኩ። የምሳ ዕረፍት ላይ ነበረች። እሷም ያንኑ አለች፤ የሚሰማው ከደረሰ በኋላ ነው፣ እዚያ ምን ያደርጋል፣ አንቺ ልጅ ነሽ ዝም በይ አለችኝ።

ናኦሚ መኪናዋን ተደግፋ ታዳምጣለች። ስልኩን ስዘጋ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ውሻው የሳቸው ነው፤ የማወቅ መብት አላቸው፤ ዛሬ ማታ በረራ ይኖራል፤ ባይመጡ እንኳ ይሰናበቱት። "ኢት ኢዝ ኖት ዩር ዲሲዥን" አለችኝ፤ ውሳኔው ያንቺ አይደለም ማለቷ ነው። አልተቆጣችም፤ ግን ዓይኔን እያየች ነው የተናገረችው።

እኔም ያየሁት ሁለቱን ወገን ነበር። በአንድ በኩል እናቴና እትዬ ንግሥት፣ በሌላ በኩል ናኦሚ። ማንን እንደማስከፋ ብቻ ነበር የማስበው። ስለ ቡላ አላሰብኩም። ስለ ጋሼ ታምራትም እንኳ በደንብ አላሰብኩም። ናኦሚ እኩያዬ ስለሆነች ብትከፋ ይቀለኛል ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልነበረውም።

ተመልሼ ስገባ ሐኪሟ ለባለቤቱ ነግሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"ያውቃሉ" አልኳት። "እኔ እንድወስን ነግረውኛል።" ወረቀቱን አወጣሁና ሰጠኋት። ፊርማቸውን አየችና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

ቡላን አንድ ክፍል ውስጥ ወፍራም ምንጣፍ ላይ አስተኙት። የፊት እግሩ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ። አጠገቡ መቀመጥ ፈቀዱልኝ። ደሙ ከተሰጠው በኋላ ትንሽ ነቃ አለ፤ ከእጄ ውሃ ላሰ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭንቅላቱን ያነሣል። ነርሷ ትገባለች፤ ያያታል፤ መልሶ ያስተኛዋል። ሌላ ሰው ይገባል፤ ያነሣል፤ ያያል፤ ያስተኛል። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እንዲህ ሆነ። በፊልም ብናየው ኖሮ ናኦሚ ሶፍት ታቀብለን ነበር።

አመሻሹ ላይ ስልኬ ነዘረ። ጋሼ ታምራት ናቸው፤ በቪዲዮ ነው። ከክፍሉ ወጥቼ፣ ኮሪደሩን አልፌ፣ ናኦሚ መኪና ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ናኦሚ መሪው ላይ ተደግፋ ነበር። ካሜራዬን አጥፍቼ አነሣሁት።

ያማረ ሸሚዝ ለብሰዋል። ከኋላቸው ሰው ይስቃል፤ ሳህን ይንኳኳል።

"መክሊቴ፣ ፊትሽ አይታየኝም።"

ኢንተርኔቱ ደከመብኝ አልኳቸው።

"ግድ የለም። ሔለን አጠገቤ ናት፤ ቡላን ማየት ትፈልጋለች። እሷ ናት እኮ ያመጣችው፤ በጫማ ሣጥን ይዛው ነው ቤት የገባችው። አሳዪያት እስቲ።"

ይህን አላውቅም ነበር። ዕድሜውን ሳሰላው ልክ ነው። ልጅቷ ስትሄድ የቀረላቸው እሱ ነው ማለት ነው።

"ተኝቷል፣ ጋሼ" አልኩ።

"በዚህ ሰዓት?"

"ረጅም መንገድ ሄደን ደክሞት ነው።"

ሳቁ። "አረጀ ልጁ። በይ እንግዲያው አትቀስቅሺው። ስልኩን ብቻ ጆሮው ጋ አድርጊልን፤ እንቅልፉ ውስጥ ሆኖም ይሰማናል።"

አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ ያመለጠኝ ዕድል ቅርበቱ ይገርመኛል። ከመኪናው እስከ ቡላ ምንጣፍ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በሩን ከፍቼ ብሮጥ ኖሮ በግማሽ ደቂቃ እደርስ ነበር። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚንጫጫ ማሽን አለ፤ ሌላ ውሻ ይጮሃል፤ ይነቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ስልኩን ከፊቴ አራቅኩና መኪናው ወንበር ላይ፣ ጠዋት ብርድ ልብሱ የተነጠፈበት ቦታ፣ አስቀመጥኩት።

"እሺ፣ ጆሮው ጋ ነው" አልኩ።

መጀመሪያ ሔለን ተናገረች። በልጅነቷ ትጠራው በነበረው ስም ጠራችው፤ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ልመጣ እያልኩ ቀረሁ፣ በበጋ እመጣለሁ፣ ጠብቀኝ አለችው። ከዚያ ጋሼ ታምራት ተቀበሏት። "ቡላዬ፣ አለሁ" አሉ። "አልቀርም። እሁድ አለሁ። አንተ ባትኖር እኔ እዚያ ቤት ምን እሠራ ነበር? ልጄን ስድራት ለሰው ሁሉ ስላንተ ነው የማወራው። ተኛ አባቴ። ተኛ።"

ወንበሩ ላይ ጥቂት ነጫጭ ፀጉሮች ነበሩ። ናኦሚ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስልኩን አነሣሁና ጆሮው እንደተንቀሳቀሰ ነገርኳቸው። ሳይጠይቁኝ ነው ይህን የጨመርኩት። ደስ እንዲላቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ትንፋሹ ተለወጠ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ሆዱን ዳሰሰችና አሁን እያቆየነው ያለነው ለኛ ነው፣ ለሱ አይደለም አለችኝ። ዴንቨር ላይ ሠርጉ እየተጀመረ ነበር፤ እትዬ ንግሥት ስልኬ ላይ ፎቶ አስተላለፉልኝ፤ ጋሼ ታምራት ሔለንን ክንዷን ይዘው ቆመዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀዋል። ስልኩን ደፋሁትና በመርፌ እንዲያሳርፉት ፈረምኩ። መርፌውን ስትሰጠው ጭንቅላቱን ይዤ ነበር። ያን ጊዜም ከደጅ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ የማይቆመውን ጆሮ እንኳ ሊያቆመው ሞከረ። ከዚያ እጄ ላይ ከበደኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ታምራት ቤት ተሰበሰብን። እትዬ ንግሥት፣ ናኦሚ፣ እናቴና እኔ፣ ከዌርሀውሱ ደግሞ ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው። እናቴ ወጥ ይዛ መጥታለች። የቡላን ሳህንና ምንጣፍ ከዓይን አርቀን ጓዳ አስገብተናል። ሁሉም በዝምታ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የሚናገሩት እትዬ ንግሥት እንዲሆኑ፣ መጀመሪያ ግን ምሳ እንዲቀርብ ተስማምተናል።

ጋሼ ታምራት ከበረንዳው "ቡላ" ብለው ተጣሩ። በሩን ከፈቱ። ስብስባችንን አዩ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ቆሙ።

እኛ ያላሰብነው ይህንን ነው። ሐበሻ ሰው ቤቱ ሲገባ ዘመድ ወዳጁ ተደርድሮ ዝም ብሎ ካገኘ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠብቀው።

"ማን ነው?" አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "እህቴ ናት?"

"ኧረ እሷ ደህና ናት፤ ተቀመጥና እህል ቅመስ" አሉ እትዬ ንግሥት።

"ማን ነው፣ ንግሥት?"

እትዬ ንግሥት ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ "ቡላ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

ሻንጣቸውን አስቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ምንጣፉ የነበረበትን ባዶ ወለል አዩ። ከዚያ መቼ እንደሞተ ጠየቁኝ። ትናንት ረፋዱ ላይ አልኳቸው። መቼ እንደታመመ ጠየቁኝ። አርብ ጠዋት አልኳቸው።

"አርብ ጠዋት" አሉ ቀስ ብለው። "አርብ ማታ ደውዬ ነበር።"

እናቴ መሃል ገባች፤ ለሳቸው አስበን መሆኑን፣ ደስታቸውን እንዳናበላሽ መሆኑን፣ ልጅቷም የታዘዘችውን እንዳደረገች ተናገረች። ባልደረቦቻቸውም እውነት ነው አሉ። ጋሼ ታምራት በትሕትና አዳመጧቸው።

"እናቴ ስትሞት ስምንት ወር ደብቀውኛል" አሉ። "በየሳምንቱ ስደውል ጠበል ሄዳለች፣ ጎረቤት ሄዳለች ይሉኝ ነበር። ሰላም በሉልኝ እል ነበር። ወረቀቴ እስኪያልቅ፣ ሥራ እስክይዝ አስበውልኝ ነው። የነገሩኝ ቀንም እንደዚህ ተደርድረው ነበር።" ዞረው ሁላችንንም አዩን። "አሁን ለሔለን ማን ይንገራት?"

እትዬ ንግሥት ከጫጉላዋ ስትመለስ ይሻላል፣ አሁን ደስታዋን አትንጠቃት አሉ። ጋሼ ታምራት እዚያው ቆመው ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። ሁላችንም እያየናቸው "ሔሉ፣ ቤት ደረስኩ" አሏት፤ "ተቀመጪ ልጄ። ቡላ ሞቷል። ትናንት ነው። እኔም አሁን ነው የሰማሁት።" ከዚያ ልጅቷ ስታለቅስ ለረጅም ጊዜ አዳመጧት። ስልኩን አልዘጉም፤ አይዞሽም አላሉም፤ አብረዋት ቆሙ። እናቴ ወጡን ማቅረብ ይሁን መተው ጨንቋት ድስቱን ይዛ ቆማ ነበር።

እኔን አልተቆጡኝም። በማግስቱ እናቴን እንደወትሮው ይዘዋት ሄዱ፤ ቀኑን በሙሉ ግን አንድም ቃል እንዳልተናገሩ ነገረችኝ። እሁድ ክሊንተንቪል አልመጡም። የሚቀጥለውም እሁድ አልመጡም። እትዬ ንግሥት ቴሌቪዥኑን ከፍተው ሳያዩት አጠፉት።

ፈተናዬን እንደጨረስኩ የቡላን የአንገት ማሰሪያ ይዤ ሄድኩ። ቃላት ተለማምጄ ነበር፤ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አላለፍኩም። ጋሼ ታምራት ማሰሪያውን ተቀበሉኝና ይቅርታውን ተይው አሉኝ።

"ተማሪ ነሽ፤ መጻፍ ታውቂያለሽ" አሉ። "እኔ ከወጣሁ ጀምሮ እስኪሞት ያለውን በሰዓት በሰዓት ጻፊልኝ። የበላውን፣ የተነፈሰውን፣ ማን እንደነካው። እዚያ አልነበርኩም፤ ቢያንስ ላንብበው። እንዳታሳምሪው።"

አምስት ቀን ፈጀብኝ። ለየትኛውም ክፍል እንዲህ ጽፌ አላውቅም። ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ የሰጠችውን መድኃኒት ከነሰዓቱ ጠየቅኳት፤ እግረ መንገዴን ባለቤቱ አያውቁ እንደነበር ነገርኳት። ትኩር ብላ አየችኝና መዝገቡን አውጥታ አነበበችልኝ። በእጄ ስምንት ገጽ ጻፍኩ፤ በየገጹ ቁጥር አደረግኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭንቅላቱን ያነሣ እንደነበርም ጻፍኩ። እሱን ለመተው አስቤ ነበር፤ እንዳታሳምሪው ብለውኛልና አልተውኩትም።

ጋሼ ታምራት በረንዳው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ስድስተኛው ገጽ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ስለ አለርጂ ምንም አላሉም። ከዚያ ወደ አራተኛው ገጽ ተመለሱና ጣታቸውን አሳረፉበት።

"እዚህ ጋ አንድ ሰዓት ይጎድላል" አሉ። "አርብ አመሻሹን። እኔ የደወልኩበትን።"

አዎ አልኳቸው።

"አጠገቡ ነበርሽ?"

"አይ። ውጪ መኪና ውስጥ ነበርኩ።"

"ቡላ ሰምቶናል?"

ለማስደሰት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ ራሱ ተዘጋጅቶ አፉ ላይ ይመጣል። በሩ ክፍት ነበር፣ ድምፅዎ ሳይደርሰው አይቀርም ማለት እችል ነበር። ሊያረጋግጡት አይችሉም።

"አልሰማም፣ ጋሼ" አልኩ። "ስልኩን ያስቀመጥኩት ወንበሩ ላይ ነው። የሰማነው እኔና ናኦሚ ነን። ጆሮው ተንቀሳቀሰ ያልኩትም ውሸት ነው።"

ወረቀቶቹን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። መንገዱ ላይ የክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ አለፈ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ስለ አንድ ውሻ ይህን ያህል ትሉ ይሆናል። እናቴም ብላኛለች። እኔ ግን ቡላ ቢሰማቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም አስባለሁ፤ ጭንቅላቱን ማንሣት ያቆም ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ አንድ ነገር ነግሬያታለሁ። አገር ቤት ማንም ቢታመም፣ ማንም ቢሞት፣ ፈተና ላይ ብሆንም፣ በዓል ቢሆንም፣ በዚያው ሰዓት ንገሪኝ ብያታለሁ። "እግዚአብሔር አያምጣው" አለችና ዞረች። እሺ አላለችኝም። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ክፉ ወሬ የምትደብቁት ሰው ካለ፣ ይህን ሳነሣ ማን ፊታችሁ ላይ እንደመጣ ታውቃላችሁ። እኔ ምክር ለመስጠት ዕድሜዬ አይፈቅድም። እኔ የማውቀው ሃምሳ እርምጃ ያህል ቅርብ እንደነበር ብቻ ነው።

ጋሼ ታምራት በመጨረሻ አራተኛውንና አምስተኛውን ገጽ ለያዩና ባዶ ወረቀት ከውስጥ አምጥተው ሰጡኝ።

"ያልነውን ታስታውሻለሽ?"

"በሙሉ" አልኳቸው።

"የሔለንንም ጻፊ። ከዚያ በቦታው አስገቢው።"

እዚያው በረንዳው ላይ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ ለወንበሩ የተነገረውን ሁሉ ቃል በቃል ጻፍኩት። ስጨርስ አምስት ቁጥር ሰጠሁት፤ ከዚያ ከሱ በኋላ ያሉትን ገጾች ቁጥር አንድ በአንድ እየሰረዝኩ ለወጥኩ።